አምስት ዋት ከአሶሳ፤ በገዛ እጅ ስለምትሠራ ሬዲዮና ጉድለቷን ስለ መፈለግ በአሶሳ ከተማ የተነገረ ዲስኩር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርለት ነገር በመጠኑ ከአንድ መጽሐፍ የማይበልጥ፣ በክብደቱ ከአንድ የአሶሳ ማንጎ ብዙ የማይርቅ፣ በልቡና ላይ የሚያሳርፈው ሥራ ግን ከሁለቱም የከበደ፣ መስማትንና መናገርን በአንድ ሣጥን ያዋሐደ አነስተኛ ሬዲዮ ነው።

ስለ ሬዲዮ ስናገር ለእናንተ አዲስ ወሬ ይዤ እንዳልመጣሁ አውቃለሁ። ከባምባሲ ገበያ እስከ ሆሞሻ፣ ከኩርሙክ ዳርቻ እስከ ካማሺ፣ በትከሻው ወይም በአህያው ጭነት ላይ ሬዲዮ አንጠልጥሎ የሚጓዝ ሰው ዘወትር ይታያል፤ ዜናውን፣ ዘፈኑን፣ የጎረቤት ሀገሩንም ቋንቋ ከዚያች ሣጥን ይሰማል። ነገር ግን ያቺ ሣጥን ጆሮ ተሰጥቷት አንደበት ያልተሰጣት ናት። በሸርቆሌና በባምባሲ የስደተኞች መጠለያዎች የሚመላለሱት ነጫጭ መኪናዎች በግንባራቸው ላይ የሚያወዛውዙትን ረዥም አንቴናም ያላየ ከመካከላችን የለም፤ እነዚያ ሬዲዮዎች አንደበት አላቸው፤ ሆኖም የታሸጉ ናቸውና፣ ቁልፉን ተጭኖ የሚናገርባቸው ሰው በውስጣቸው ምን እንደሚደረግ እንዲያውቅ አልተሠሩም። እኔ ልነግራችሁ የመጣሁት ክዳኗ ስለሚከፈት፣ እያንዳንዷን ክፍል በገዛ እጃችን ስለምንተክልባት፣ በታመመችም ጊዜ ሐኪሟ እኛው ስለምንሆንላት ሬዲዮ ነው።

ሀገራችን በአየር ሞገድ አንደበቷን የፈታችው በመከራ ዋዜማ እንደ ነበረ አባቶች ያስታውሳሉ። በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ሊሻገር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአቃቂ ጣቢያ በኩል አቤቱታቸውን ለዓለም ሕዝብ አሰምተዋል። ያ ድምፅ ወራሪውን አላቆመውም፤ ግፉን የሚያውቅ ምስክር ግን በሩቅ ሀገር ሁሉ እንዲኖር አድርጓል። መናገር መቻል ማለት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከመንግሥትና ከድርጅት ጣቢያዎች ሌላ፣ በዓለም ላይ የአማተር ሬዲዮ የሚባል ሥርዓት አለ። ‹አማተር› የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ፍቺው አፍቃሪ ማለት ነው፤ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ትርፍ ሳይሆን ጥበቡን ስለ ወደደ ብቻ የሚሠራ ሰው ነው። በሀገራችን የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ የሚገኘው የማኅበሩ ጣቢያም በዓለም አማተሮች ዘንድ የሚታወቅበት መጠሪያ ‹ኢ ቲ 3 ኤ ኤ› ነው። እያንዳንዱ ሀገር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተሰጠው የመጠሪያ መነሻ አለው፤ ለእኛ ከተሰጡት አንዱ ‹ኢ ቲ› ነው። አሁን አንድ ነገር አስተውሉልኝ። በሞርስ ፊደል ‹ኢ› አንዲት ነጥብ፣ ‹ቲ› አንዲት ሰረዝ ናት፤ በመላው የሞርስ ገበታ ከእነዚህ ከሁለቱ ያጠረ ፊደል የለም፤ ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ጣቢያ ስሙን መጥራት የሚጀምረው በአንድ አጭርና በአንድ ረዥም ምት ነው። በነጥቧና በሰረዟ መካከል ተገቢው ዕረፍት ካልተሰጠ ግን ሁለቱ ተጋጥመው ‹ኤ› የሚባለውን ሌላ ፊደል ይሆናሉ፤ ዝምታው ራሱ ፊደል የመለየት ሥልጣን አለውና። ይህን የያሬድን ዜማ ያጠና ደብተራ ወይም ቁርኣንን በተጅዊድ የቀራ ደረሳ ሳይነገረው ያውቀዋል።

የዛሬዋ ሬዲዮ የምትናገረው በዚሁ በሞርስ ሲሆን፣ ኃይሏ አምስት ዋት ነው። በአማተሮች ልማድ ከዚህ መጠን የማይበልጥ ኃይል ‹ኪው አር ፒ› ይባላል፤ ቃሉ ቴሌግራፈኞች ‹ኃይሌን ልቀንስ?› ብለው ይጠያየቁበት ከነበረው ምኅጻረ ቃል የተወሰደ ነው። አምስት ዋት እንዲያው ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ አንዲት ትንሽ አምፖል የምትበላው ያህል ነውና። ሒሳቡ ግን የሚያጽናና ነው። መቶ ዋት ከሚልክ ጣቢያ ጋር ብናስተያየው፣ ኃይላችን በሃያ እጅ ቢያንስም፣ በተቀባዩ አንቴና ላይ የሚያርፈው ቮልት የሚያንሰው በአራት ተኩል እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ጸጥ ባለ ሌሊት በሞርስ ምት ላይ ይህ ልዩነት ከመስማት የሚከለክል አይሆንም። የመብራት መጥፋት ለምናውቅ ለእኛ ደግሞ ትንሹ ኃይል ራሱ በረከት ነው፤ ሬዲዮዋ በምትናገርበት ጊዜ ከ12 ቮልት ባትሪ ግማሽ አምፔር ያህል ብቻ ትወስዳለችና፣ በጣራ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የሶላር ሰሌዳ ቀን የሞላችው ማታ ይበቃናል።

ክፍሎቿ ተሰብስበው፣ ቦርዷ ተበስቶ፣ ዝርዝሯና መምሪያዋ ተጨምሮ በአንድ ፖስታ የሚላክ ስብስብ ኪት ይባላል። የዚህ ሥራ ታሪክ ሰፊ ነው፤ እኔ ግን ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበውን አንዱን ብቻ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2003 አሽሃር ፋርሃን የተባለ ህንዳዊ መሐንዲስ ‹ቢትኤክስ› የሚባለውን ንድፍ ለሕዝብ በነጻ ሰጠ። ይህ ሰው በሀገሩ ገበያ የማይገኝ ዕቃ ቢያስፈልግ ንድፉ ሙት እንደሚሆን አስቀድሞ ስላሰበ፣ ሽቦ የሚጠቀለልበትን ውድ የማግኔት ቀለበት በቧንቧ ሠራተኛ የላስቲክ ቀለበት ተካው፤ በየሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ የሚገኙ ተራ ትራንዚስተሮችን መረጠ። በእኔ አስተያየት በዚህ መስክ ከተሠሩት ሁሉ ይህ እጅግ የተከበረ ሥራ ነው፤ ጥበብን ወደ ድኻው ገበያ ይዞ ወርዷልና። በአሶሳ ገበያም ከተቃጠለ ቆጣቢ አምፖል ውስጥ ትንንሽ የማግኔት ቀለበት፣ ከተጣለ ትራንስፎርመር ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ከአሮጌ ቴፕ ካፓሲተርና ድምፅ ማስተካከያ ይገኛል፤ የእኛ ጠጋኞች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በሬዲዮዋ ውስጥ በሰከንድ 7 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ምንጭ አለ። ስንሰማ ይህ ምንጭ ከአንቴና ከመጣው ሞገድ ጋር ይደባለቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት ልዩነት ለጆሮ የሚሰማ ፉጨት ሆኖ ይወጣል። ስንናገር ደግሞ ያው ምንጭ በትንንሽ ትራንዚስተሮች ጎልብቶ፣ በማጣሪያ አልፎ ወደ አንቴና ይወጣል። የማጣሪያው ተግባር 7ቱን አሳልፎ የእርሱን ብዜቶች፣ ማለት 14ንና 21ን፣ መከልከል ነው፤ ያለ እርሱ የእኛ ንግግር በማንፈልገው በር ሁሉ ገብቶ ሌላውን ሰው ያውካል።

ማጣሪያው የሚሠራው በሦስት የሽቦ ጥቅሎች ነው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተውም በእነዚህ ጥቅሎች ላይ ነው። የጣት ቀለበት ከሚያህል ቢጫ ቀለበት ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነ ሽቦ 21 ጊዜ፣ በመካከለኛው ላይ 24 ጊዜ፣ በሦስተኛው ላይ ዳግመኛ 21 ጊዜ ይጠቀለላል። ቆጠራው በቀላሉ ይሳሳታል፤ ሽቦው በቀለበቱ ቀዳዳ አንድ ጊዜ ሲያልፍ አንድ ተብሎ ይቆጠራልና፣ በውጭ በኩል ብቻ የቆጠረ ሰው አንዱን ያጎድላል። እኔ በጸጥታ ተቀምጬ፣ በጣቱ መቁጠሪያ እንደሚያንቀሳቅስ ሰው፣ አንድ ባልኩ ቁጥር ሽቦውን ወደ ውስጥ ሰድጄ አጠብቃለሁ፤ ሰው ቢያነጋግረኝም አልመልስም።

ብየዳውም የራሱ ሥርዓት አለው። የመበየጃው ጫፍ አስቀድሞ የቦርዱን መዳብና የክፍሉን እግር በአንድነት ያሞቃል፤ ቀጥሎ ስታኞው በመበየጃው ላይ ሳይሆን በጋለው እግር ላይ ይነካል፤ ያን ጊዜ እንደ ማር ቀልጦ፣ ዙሪያውን ከቦ፣ እንደ ትንሽ ተራራ ሾጥጦ ይቆማል። ክብ ሆኖ እንደ ጤዛ ከተንጠለጠለ ግን አልያዘም፤ መልኩ ግራጫና ሻካራ ከሆነ ሳይረጋ ተነቃንቋል። ጀማሪ ተማሪን በምመክርበት ጊዜ ሁሉ የምለው ይህን ነው፤ በአንድ ምሽት ከሃያ በላይ አትበይድ፤ የደከመ ዓይን የሚያስተውለው የሚመኘውን ነውና።

እኔ ራሴ የመጀመሪያዪቱን ሬዲዮ የገጠምኩት በክረምት ወራት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። ሥራዬን ጨርሼ፣ ባትሪውን አገናኝቼ፣ ማዳመጫውን በጆሮዬ ባደርግ፣ ከቀጭን ሹክሹክታ በቀር አንዳች ነገር አልሰማ አለ። በክረምት የመብረቅ ጩኸት እንኳ ያልሰማ ሬዲዮ ደንቆሮ ነው። የመጀመሪያው ሐሳቤ ‹ኪቱ የተበላሸ ነው› የሚል ነበር፤ ሁለተኛው ሁሉንም ነቅሎ እንደ ገና መትከል ነበር። ሁለቱም የችኩል ሰው ሐሳቦች ነበሩ። በሁለተኛው ሌሊት ነው ረጋ ብዬ፣ ከጆሮ ተነሥቼ ወደ አንቴና ወደ ኋላ መጓዝ የጀመርኩት።

በመጨረሻው የድምፅ ማጉያ መግቢያ ላይ የመፍቻዬን የብረት ጫፍ በጣቴ ይዤ ብነካ ‹ቅርርር› የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ስለዚህ ከዚያ ነጥብ እስከ ጆሮዬ ያለው ሕያው ነበር። አንድ ክፍል ወደ ኋላ ብሄድ አሁንም ድምፅ አለ። እንዲህ እያልኩ ከመግቢያው የሽቦ ጥቅል ደረስኩ፤ የአንቴናውን ሽቦ ከጥቅሉ ወደ አንቴናው ባለው በኩል ብነካው ዝም፣ ወደ ጆሮዬ ባለው በኩል ብነካው ግን የመብረቁ ፍንጥርጣሪ ጆሮዬን ሞላው። ምሥጢሩ እንግዲህ በዚያች ጥቅል ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። ቴስተሩን በኦም ላይ አድርጌ ሁለቱን ጫፎች ብለካ ዜሮ ሊል ሲገባው ፈጽሞ አልተነቃነቀም። ብየዳውን በማጉያ መነጽር አየሁት፤ የሚያብረቀርቅ፣ የሾጠጠ፣ የሚያምር ብየዳ ነበር። ነገር ግን በስታኞውና በሽቦው መካከል፣ ከጸጉር የቀጠነች ቀይ ቡናማ መስመር ዙሪያውን ከባ ነበር። ያቺ መስመር የሽቦው ቀለም ናት። ይህ ሽቦ እርስ በርሱ እንዳይነካካ በስስ ቀለም የተለበጠ ነውና፣ ጫፉ በምላጭ ካልተፋቀ ወይም ቀለሙ በመበየጃው ሙቀት እስኪቃጠል ካልተጠበቀ፣ ስታኞው ያቅፈዋል እንጂ አይነካውም። ጫፉን ፍቄ እንደ ገና በየድኩት፤ በዚያው ሌሊት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከየት እንደ መጣ ያላወቅሁት የሞርስ ምት በጆሮዬ ገባ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም ቢሆን በቃል ልገልጸው አልችልም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ጉድለትን መፈለግ ከመግጠሙ የበለጠ ትምህርት እንደሚሰጥ አመንኩ። መግጠም መምሪያውን መታዘዝ ነው፤ መፈለግ ግን ነገሩ ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ በልቡና መሣልን ግድ ይላል፤ ሰው ያልተረዳውን ነገር መርምሮ ሊያገኝ አይችልምና።

ባትሪ ከማገናኘታችን በፊትም ልናደርገው የሚገባ ጥንቃቄ አለ። በፕላሱና በማይነሱ መካከል ቴስተሩን አድርገን ኦሙ ወደ ዜሮ የቀረበ እንደ ሆነ እንመረምራለን። ቀጥሎ የባጃጅ 12 ቮልት አምፖል ከባትሪውና ከሬዲዮዋ መካከል በተከታታይ እናስገባለን፤ በሬዲዮዋ ውስጥ የተነካካ ሽቦ ቢኖር አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራና ጉዳቱን በራሱ ላይ ይወስዳል፤ ደኅና ከሆነች ግን አምፖሉ ጭል ጭል ከማለት አያልፍም። ይህ ርካሽ ጥበብ ስንቱን የሬዲዮ ክፍል ከሞት አድኗል። ከዚያ በኋላ አምስት ቮልት በሚገባበት ቦታ አምስት ቮልት መኖሩን እንለካለን፤ ይህ ሳይረጋገጥ ሌላ ነገር መመርመር ልብ ቆሞ ሳለ የጣትን ጥፍር እንደ ማከም ነው።

የመናገሩን ወገን ስንፈትን በአንቴና ምትክ ኃይሉን ውጦ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ጭነት እንጠቀማለን። 1000 ኦም፣ ግማሽ ዋት የሆኑ 20 ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 50 ኦም ይሆናሉ፤ እስከ 10 ዋትም ይሸከማሉ። በዚህ ጭነት ላይ በአንድ ዳዮድና በአንድ ካፓሲተር የሠራነውን መመርመሪያ አገናኝተን ቁልፉን ስንጫን ቴስተሩ 22 ቮልት ካሳየ፣ 22 በ22 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 4.84 ዋት ይሆናል፤ ሥራችን ተሳክቷል ማለት ነው። ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው። ያለ ፈቃድ ወደ አየር መናገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ እስኪሰጠን ድረስ፣ ጭነቱ ንግግራችንን ከክፍላችን ሳያስወጣ እንድንማር ይረዳናል።

ስለ አንቴና ግን በዚህ ከተማ ስናገር የምጨነቅበት ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው ዕውቀት ግማሹ በመካከላችሁ አለና። የቤርታ ወገኖቻችን በበዓልና በሠርግ የሚነፉትን ዙምባራ አስተውሉ። ረዥሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ነፊው ሁሉ የገዛ ድምፁን ይዞ ተራው ሲደርስ ብቻ ይነፋል፤ ዜማው ከሁሉም ተገጣጥሞ ይወጣል። የመለከቱ ርዝመት ድምፁን እንደሚወስን፣ የሽቦውም ርዝመት የሚስማማውን ሞገድ ይወስናል። በሰከንድ 7 ሚሊዮን 30 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ 43 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ለዚህ የሚስማማው ሽቦ የግማሹን ያህል ሆኖ ጥቂት ያጥራል፤ 20 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከመካከሉ ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ክንፍ 10 ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን ተደርጎ ይዘረጋል፤ ጥቂት አስረዝሞ መጀመርና እየለኩ ማሳጠር ይበጃል፤ የተቆረጠ ሽቦ አይቀጥልምና። ምሰሶ የሚሆነንን ሽመል እግዚአብሔር በዚህ ምድር ላይ አብዝቶ አብቅሎልናል፤ ሌላው ሀገር በውድ ዋጋ ከአሉሚኒየም የሚሠራውን ምሰሶ እኛ ከጫካችን ዳር በቀላሉ እናገኛለን።

ምሰሶው ከአምስትና ከስድስት ሜትር ባይበልጥ አትዘኑ። በዚህ ቁመት የተሰቀለ ሽቦ ሞገዱን አብዝቶ ወደ ሰማይ ይሰደዋል፤ ሞገዱም ከ250 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገኘው፣ ፀሐይ በኤሌክትሪክ ከሞላችው የአየር ንብርብር ደርሶ እንደ ዣንጥላ ተዘርግቶ ይመለሳል። ከአሶሳ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉ የዳቡስ ሸለቆና የወለጋ ተራሮች አሉ፤ ከላይ የሚወርድ ሞገድ ግን ተራራ አይጋርደውም፤ በቀን ብርሃን ይህን ርቀት አምስት ዋት ሊሻገረው ይችላል። በክረምት ደመና ሲጠቁር ግን፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ አንቴናውን ከሬዲዮዋ ፈትታችሁ ከቤት ውጭ ተዉት፤ በዚህ ነገር ላይ ቸልታን ከማንም አልቀበልም።

ብዙ ተናገርኩ፤ ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ሬዲዮ ልመልሳችሁ። ይህች ሁለተኛዪቱ ናት፤ ባለፈው ሳምንት ገጥሜ ጨረስኳት። አምስት ቮልቷ ትክክል ነው፤ በጥሩ ሁኔታ ትሰማለች። ቁልፉን ስጫን ግን በጭነቱ ላይ ያለው ቴስተር ከዜሮ አይነሣም። የማጣሪያውን ሦስት ጥቅሎች ፈትሻለሁ፤ ደኅና ናቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ያለውን ሆን ብዬ አልነካሁትም። መነጽሩ፣ ቴስተሩና መበየጃው ከጎኗ ተቀምጠዋል፤ ማታውም ገና ነው፤ እባካችሁ ተማሪዎች ቅረቡ፣ ጠጋኝ ወንድሞቼም አትራቁ፣ ጉድለቷን አብረን እንፈልግ።